በወይይት ከእናቴና ከአክስቴ ጋር

ቅዳሜ ጠዋት እናቴን ይዤ ከጎፋ ተነሳሁ። ለቡ ውስጥ የድሮዋን አዲስ አበባ አስመስሎ የተሠራ መዝናኛ አለ ሲባል ሰምቼ ላሳያት ነበር። ይህን ነግሬያታለሁ። ያልነገርኳት አክስቴ ማርታ፣ ታናሽ እህቷ፣ ከመካኒሳ አቦ መጥታ በሩ ላይ እንደምትጠብቀን ነው። አክስቴም ብትሆን እናቴ እንደምትመጣ አታውቅም። ሁለቱንም ሸውጃቸዋለሁ።

እህትማማቾቹ ከእኔ ሠርግ ወዲህ አይነጋገሩም። እናቴ በሠርጉ ሩጫ መሃል የአክስቴን የጥሪ ካርድ በጎረቤት ላከች። አክስቴ «ለእህት በሰው እጅ ካርድ ይላካል?» ብላ ቀረች። እናቴም «ከልጄ ሠርግ የቀረች ምን እህት ትባላለች!» አለች። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች መሃል ገብተው ነበር፤ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አሁን ባለቤቴ ሜሮን ልትወልድ ተቃርባለች። እናቷ በሕይወት ስለሌሉ የሚያርሷት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ አንዷ ካለችበት ቤት ደግሞ ሌላዋ አትገባም። የጉዞው ምክንያት ይኸው ነው።

በሩ ላይ

ለቡ መብራት ኃይል ከሚኒባስ ወርደን በባጃጅ ወደ ውስጥ ገባን። እናቴ አክስቴን ስታይ ቆም አለች። አክስቴ ቦርሳዋን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ሰላም ነው?»

«ይመስገን።»

ሁለቱም ያዩት የነበረው የእኔን ሸሚዝ ነው። ተመልሰው ይሄዳሉ ብዬ ፈራሁ። ደግነቱ ለእያንዳንዳችን መቶ ሃምሳ ብር መግቢያ ቀድሜ ከፍያለሁ፤ የተከፈለበትን ጥሎ መሄድ በቤተሰባችን አይታወቅም።

ትኬት የምትቆርጠው ሴት የቦታውን ታሪክ አጫወተችን። «ባለቤቱ መካኒክ ናቸው፤ ግቢው ጋራዣቸው ነበር። ሰው የጣለውን አሮጌ መኪና እየሰበሰቡ ያድሳሉ። መጀመሪያ ሙሽሮች ፎቶ ሊነሱበት መጡ። ከዚያ እሳቸው መኪና ያለ መንገድ ምን ያደርጋል ብለው መንገድ ሠሩለት፤ ለመንገዱ ሱቆች፣ ለሱቆቹ ሰፈር። ፈረሶቹና ዥዋዥዌው በመጨረሻ ነው የመጡት።»

ውስጥ ብር አይሠራም። ከትኬቱ ጋር ድሮ የምናውቃቸው ስሙኒዎች ይታደላሉ፤ ዛሬ ውጭ ምንም የማይገዛው ሃያ አምስት ሳንቲም እዚያ ክብሩ ተመልሶለታል።

መንገዱ ዳር በእጅ የተጻፈ ታፔላ የሰቀሉ የቆርቆሮ ሱቆች ተደርድረዋል። ካሴት ቤት አለ፤ ግድግዳው ላይ ፏፏቴ የተሳለበት ፎቶ ቤትም አለ። ጆተኒ፣ ያንን የጠረጴዛ ኳስ፣ ልጫወት ገብቼ አንድ ጎልማሳ መሳቂያ አደረገኝ። ፓስቲው ትኩስ ነው፤ ዘይቱ ትንሽ በዝቶበታል፤ ሦስት በላሁ። እናቴና አክስቴ ግራና ቀኜ ተቀምጠው ጀርባ ተሰጣጥተው በሉ።

የእንጨት ፈረሶቹን የሚያዞሯቸው ሁለት ሰዎች በእጃቸው እየገፉ ነው። እናቴ «በዚህ ዕድሜዬ!» አለችና ወጣች። ወርዳ ደግሞ እንደገና ወጣች። አክስቴ ፈገግ ስትል አየኋት፤ ማየቴን ስታውቅ ፈገግታዋን ዋጠችው።

ወይይቷ

ወይይቷ፣ የድሮዋ የከተማ ታክሲ፣ ሸራዋን ለብሳ ቆማለች። ሁለቱ አግዳሚዎች ፊት ለፊት ስለሆኑ ከኋላ የሚገባ ሰው ቦታ አይመርጥም። እናቴና አክስቴ ጉልበታቸው እየተነካካ ተቀመጡ፤ አንዷ ጣራ ጣራውን፣ ሌላዋ መሬት መሬቱን ያያሉ። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ! ሒሳብ!» አለ።

የእናቴ እጅ ተዘረጋ። በአገጯ ወደ አክስቴ እያመለከተች «የሁለት ሰው» አለች። አስባ ያደረገችው አይመስለኝም፤ ታክሲ ውስጥ ለሚያውቁት ሰው መክፈል ዕድሜ ልኳን የለመደችው ነገር ነው።

አክስቴ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «እትዬ፣ ተይ እንጂ! ከእኔ ቁረጥ!»

«በጌታ እንዳትቀበላት!»

«ኧረ እኔ ነኝ የምከፍለው!»

ረዳቱ መሃል ላይ እጁን ዘርግቶ «እናቶች፣ እናንተ እስክትስማሙ መንገዱ አለቀ» አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። የእኔን ሒሳብ ግን ያስታወሰ የለም፤ ራሴ ከፈልኩ። በመጨረሻ የእናቴ ስሙኒ አሸነፈ።

መኪናዋ ትንሽ እንደሄደች አክስቴ ዝቅ ባለ ድምፅ «ካርዱን ራስሽ ብታመጪልኝ ምን ነበረበት?» አለች።

«አጥፍቻለሁ። አንቺስ ትቀሪያለሽ?»

«ቀረሁ። ቀኑን ሙሉ ሳለቅስ ነው የዋልኩት፣ እትዬ።»

እናቴ የአክስቴን ጉልበት ያዝ አደረገች፤ እስክንወርድም አልለቀቀችውም። ዓይኔ እንባ ሞላ። በአቧራው ላሳብብ አልፈለግኩም፤ ደስ ብሎኝ ነው።

ስንወርድ አክስቴ «እንደገና እንሳፈር፤ አሁን የእኔ ተራ ነው» አለች።

ወደ ቤት

ስንመለስ አክስቴ መካኒሳ ወረደች። እናቴም «እራት በልቼ እመጣለሁ» ብላ ተከተለቻት። ብቻዬን ቤት ስደርስ ሜሮን በሩን ከፍታ ከኋላዬ ሰው ፈለገች።

«እማማስ?»

«ማርታ ጋ ወረደች።»

ሜሮን ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ቢኖር፣ ሽማግሌ ስልክና ስለምን ከምከርም ሁለቱን ሴቶች ቀድሜ ፊት ለፊት ማስቀመጥ እንደነበረብኝ ነው። ይቅርታ ከአፋቸው አልወጣ ብሎ እንጂ ልባቸውስ ከታረቀ ሰንብቷል።

እራት ሳንጨርስ ስልክ ተደወለ፤ እናቴ ናት። «ሜሮንዬ፣ የአራስ ገንፎሽን የማገነፋው እኔ ነኝ፤ ከአሁኑ እንድታውቂው!» ከኋላዋ የአክስቴ ድምፅ ይጮሃል፦ «እንዳትሰሚያት! ቅቤውን ያነጠርኩት እኔ፣ እሷ በምን ታገነፋለች?»

ሜሮን ስልኩን በመዳፏ ከደነችው። «ተጣሉ እንዴ?»

«አዎ» አልኳት፤ «ተመስገን።»