የትርኢቱ ጎራዴዎች

ጣልያናዊው ካፒቴን ጎራዴውን ሰንዝሮ የአንሙትን ትከሻ መታው። ብረቱ ጎበጠ፤ ሸሚዙ እንኳ አልተቆረጠም። አንሙት በጉልበቱ ወደቀ። ካፒቴኑ ሳቀ።

«ደህና ነው ይላል» አለ አስተርጓሚው። «ጎራዴዎቹ ያረጁ እንዲመስሉ ጭስ አስነካቸው።»

አንሙት ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ማረሻና ማጭድ እየቀጠቀጠ የኖረ ሰው ነው። ጎረቤቶቹ ቡዳ ነው ብለው ከማዕዱ አይቀርቡም፤ ማረሻቸው ሲዶለዱም ግን ደጁን ይጠናሉ። አሁን ጣልያኖቹ የጥንት ጦርነት አስመስለው ፊልም ሊያነሱ ነው፤ የማይቆርጡ የቆርቆሮ ጎራዴዎች እንዲሠራም አዘዙት። እስረኞች ያረጀ ጎራዴ ይዘው ይገጥማሉ፣ ይሸነፋሉ። ከእስረኞቹ አንዱ ልጁ አበረ ነው።

«ፊልሙ ሲያልቅስ እስረኞቹን ወዴት ይወስዷቸዋል?» አለ አንሙት።

አስተርጓሚው ዙሪያውን ቃኘ። «የትም። እዚያው ይረሸናሉ። ከእኔ አልሰማህም፣ ቀጥቃጩ።»

አንሙት አንዱን ጎራዴ ከተሰበረ የመኪና ባሌስትራ ጠንካራ ብረት ሠራው። አግሎ ውኃ አጠጣው፣ ሳለው፣ ስለቱን በጥላሸት ሸፈነው፣ እጀታውን በቀይ ቆዳ ጠቀለለው። ሲያስረክብ አበረን አገኘው።

«ቀዩ ያንተ ነው። ለፊልሙ የሚያጨሱት ጭስ ሲነሣ የእግርህን ገመድ ቁረጥና ወደ ገደሉ ሩጥ።»

«እሺ፣ አባዬ።»

እስረኞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው እግር ለእግር ታስረዋል። የአበረ ጥንድ ግራዝማች ወልደ ሰንበት የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ጎራዴዎቹ መሬት ላይ ተዘረገፉ። አበረ ቀዩን አነሣ፤ ዞር ሲል ሽማግሌው ባዶ እጃቸውን ቆመዋል። በታላቅ ፊት ደህናውን መሣሪያ ይዞ መቆም ነውር ነው፤ ያስተማረው አንሙት ራሱ ነው። አበረ ጎንበስ ብሎ እጀታውን በሁለት እጁ አቀረበ።

«ይሄ ይቆርጣል፣ ግራዝማች። ጭሱ ሲነሣ ገመዱን ይበጥሱልን።»

ሽማግሌው ስለቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። «ተባረክ» አሉ።

ትርኢቱን ለማየት ከተሰበሰበው ሕዝብ ፊት የቆመው አንሙት ሁሉንም ሰማ። አፉን ከፈተ፤ አስተርጓሚው ሲያየው ዘጋው።

ጭሱ ተነሣ። ካፒቴኑ የካሜራውን ሰው እያዘዘ ወደ እስረኞቹ ተጠጋ። ግራዝማች ወደ ገመዱ አላዩም። አንድ እርምጃ ተራምደው የካፒቴኑን አንገት ቀሉት። ገመዱ አበረን ጎትቶ ጣለው። አበረ እንደ ወደቀ ሌላ ጎራዴ ጎተተና ገመዱን መገዝገዝ ያዘ። አባቱ የሠራው ቆርቆሮ ነው፤ አንድ ክር አልበጠሰም። የጠባቂዎቹ መትረየስ ጭሱ ውስጥ ያለውን ሁሉ አጨደ።

ሕዝቡ ሲበተን አንሙትም አብሮ ሸሸ።

በ፲፱፻፴፫ ዓ.ም. ጣልያን ከደብረ ማርቆስ ሲወጣ እስረኞቹ የተቀበሩበት ጉድጓድ ተከፈተ። አንሙት የልጁን አፅም ከሌሎቹ መለየት አልቻለም።