በጉም የሚወጣው የቤት ሥራ

የሐያት መልእክት የደረሰኝ ዙሁር ሰግጄ መስገጃዬን እያጠፍኩ ሳለ ነው። ሰመራ ላይ በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ሰው አይታይም፤ ግድግዳው ራሱ ይተኩሳል፣ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ለሻይ የተጣደ ይመስላል። የድምፅ መልእክቱን ስከፍተው ከሐያት የቀደመኝ ዝናቡ ነበር፤ የጅማ ዝናብ፣ ቆርቆሮ ላይ ጠጠር በእፍኝ የሚበትን ሰው እንዳለ ሁሉ እየመጣ፣ ጋብ እያለ፣ እንደገና የሚጀምረው። እርጥብ አፈርና የሻገተ ደብተር ሸተተኝ። ከስልክ ምን ሽታ ይመጣል? ግን ሸተተኝ።

«ነጂ፣ አሰላሙ ዐለይኩም፣ እንዴት ነሽ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? የኛን ክፍል አፈረሱት። ፎቅ ሊሠሩበት ነው አሉ። ሰሌዳውን ሲነቅሉት ቆሜ አየሁ፤ ለሁለት ተሰንጥቆ ወደቀ። ፊቱን በሻርፔ ጠረግኩት፣ ምንም የለበትም። አሁን የቀራችሁኝ እናንተ ብቻ ናችሁ። በአላህ ይሁንብሽ፣ አንቺ ያን ቀን ክፍል ውስጥ ነበርሽ፤ አባቴ ምን ብሎ ነበር የጻፈልኝ?»

ሐያት የአራተኛ ክፍል መምህራችን የመምህር አወል ልጅ ናት፤ ከእኛው ጋር ነው የተማረችው። «ያን ቀን» የምትለው እሷ በትኩሳት ቤት የቀረችበትን፣ አባቷ ከሞቱ ከሳምንታት በኋላ የእጅ ጽሑፋቸው ሰሌዳው ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ጠዋት ነው። ይህን ስጽፍ እጄ ቆም ይላል። እንዳላጋንን እፈራለሁ፣ ሰው እንዳላሳስት እፈራለሁ፤ ስለዚህ ያየሁትን ካላየሁት እየለየሁ፣ አላህ ባስታወሰኝ መጠን እንደነበረ እነግራችኋለሁ።

ትምህርት ቤታችን ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ውስጥ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነበር። የኛ ክፍል የመጨረሻዋ ናት፤ ከኋላዋ ጉሬዛዎች የሚያድሩባቸው ትልልቅ ዛፎች ነበሩ። ጉሬዛ ጠዋት ሲጮህ ጉሮሮውን የሚጠራርግ ሽማግሌ ነው የሚመስለው፤ አዲስ የመጣ ልጅ ካለ «ዳይሬክተሩ እየመጡ ነው!» እያልን እናስደነግጠው ነበር። መስኮቶቹ የጣውላ ስለነበሩ፣ ሲከፈቱ ብርሃንም ጉምም አንድ ላይ ይገባል። ጉሙ ከእኛ ጋር ይቀመጣል፤ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ፊት የተቀመጡትን ልጆች ከትከሻቸው በታች የማላይበት ጠዋት ነበር።

ሳምንቱ በመምህር አወል እጅ መልክ ነበረው። ሰኞ የቤት ሥራ ይሰበስባሉ። ማክሰኞ የቃል ጽሕፈት ነው፣ ብዕራችንን አስቀምጠን በእርሳስ። ረቡዕ ምን እንደነበረ ረስቼዋለሁ፤ ሐሙስ ግን ማባዛትን ቆመን በቃላችን ስለምንል፣ እስከ ዛሬ ሐሙስ ሲሆን ማባዛቱ አፌ ላይ ይመጣል። ዓርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ ሰሌዳው ጥግ «ለሰኞ» ብለው ይጽፉና ከሥሩ ያሰምሩበታል። ፊደላቸው ነፋስ ገፍቶት እንደ ቆመ ሰው ወደ ግራ ያዘነብላል። ጥያቄው ሁልጊዜ ሁለት ነው፤ አንዱ የቁጥር፣ ሌላው «ጠይቃችሁ ኑ» የሚሉት። ደጃችሁ ያለውን ዛፍ ማን ተከለው? እናትህ በልጅነቷ ምን ትፈራ ነበር? ከዚያ ኮታቸውን ደርበው እናታቸውን ለመጠየቅ በመኪና ሰርቦ ከተማ ይሄዳሉ፤ እሁድ ይመለሳሉ። ሐያት ክፍል ውስጥ እንደማናችንም «ቲቸር» ነበር የምትላቸው፤ አንድ ቀን አምልጧት «አባ» ብትል ያ ሁሉ ልጅ ሳምንቱን ሙሉ «አባ፣ ሽንት ቤት ልሂድ?» እያለ አበሳቸውን አሳያቸው።

እኔ ሩቅ አላይም ነበር። ሰው ሁሉ እንደኔ የሚያይ እየመሰለኝ ስምንተኛ ክፍል ደርሼ መነጽር እስካደርግ ድረስ፣ ሰሌዳ ማለት ለእኔ ጥቁር ነገር ላይ ያረፈ ነጭ ጭስ ነው። የሚያነብልኝ የወንበር ጓደኛዬ ከድር ነበር፤ በነጻ አይደለም፣ በግማሽ ሙዝ። አንዳንዴም ሰሌዳውን ትክ ብሎ እያየ «ነጅሚያ ነገ ለከድር ሙሉ ሙዝ ታምጣ ይላል» ይለኝና እኔ ሞኟ ደብተሬ ላይ መጻፍ እጀምራለሁ።

ሰሌዳው ዓርብ ዓርብ ይጠቁር ነበር። ወንዶቹ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰብረው ጥቁሩን ዱቄት ያመጣሉ፣ ሴቶቹ የዱባ ቅጠል እንወቅጣለን፤ ሁለቱ ተለውሶ በጨርቅ ይቀባል፣ ቅዳሜና እሁድ ይደርቃል። ሕጉ አንድ ነው፤ ሳይደርቅ አይጻፍበትም። ሳይደርቅ የተጻፈ ነገር አይለቅም ይባል ነበር። ስለዚህ መምህር አወል ቀድመው ይጽፋሉ፣ እኛ እንገለብጣለን፣ ከዚያ ይጠፋና ይጠቁራል።

የመጨረሻዋ ዓርብ ላይ ስብሰባ ነበረባቸውና ዘገዩ። እኛ ዝናቡ ሳይመጣ ብለን ሰሌዳውን አጥቁረን ጨርሰን እጃችንን ሳር ላይ ስንጠርግ፣ በዝናብ ረጥበው እየሮጡ ገቡና ጠመኔ አነሱ።

«ቲቸር! ቲቸር፣ አልደረቀም!» ብለን በአንድ አፍ ጮህን።

ከኮታቸው ላይ ውሃውን እያራገፉ «እኔስ መቼ ደረቅኩ? አንድ ላይ እንደርቃለን» አሉና ጻፉ። ሳቅን። ጠመኔው እርጥቡ ጥቁር ውስጥ ሲሰምጥ ድምፅ እንኳ አልነበረውም።

ቅዳሜ ማታ ወሬው ከሰርቦ መጣ፤ የተሳፈሩበት መኪና መገልበጡ። እሁድ ከቀትር በፊት ተቀበሩ። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን።

ሰኞ ዕለት ሁላችንም የቤት ሥራችንን ሠርተን መጣን። ከዚያ በፊት አንድ ሰኞ እንኳ ያልሠራ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ደብተራችንን ከፍተን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን ተቀመጥን፤ የሚሰበስብ የለም። በኋላ የተተኩት ቲቸር ሰብለ፣ ገና ከኮሌጅ የወጡ፣ ድምፃቸው የሚንቀጠቀጥ ልጅ እግር፣ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ደጋግመው አሹት። ጠፋ። ጠፋ ብለን ነበር።

ከዚያ ጉሙ የከበደበት ጠዋት መጣ። ሰሌዳው አላበው። ላቡ ግን፣ ከድር እንደነገረኝ፣ እሳቸው የጻፉበት ላይ አያርፍም፤ ዙሪያው ሲያብረቀርቅ ፊደሉ ደረቅና ነጭ ሆኖ፣ ሰው በጉም በተሸፈነ መስታወት ላይ በጣቱ የጻፈ ያህል ከውስጥ ብቅ አለ። ፊት ያለ ልጅ «ለ… ሰ… ኞ» ብሎ ማንበብ ጀመረና ሲገባው አፉን ያዘ። ከኋላችን ጉሬዛው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ክፍሉ በጩኸት ተናወጠ። ሐያት ብቻ አልጮኸችም። ደብተሯን አወጣችና ገለበጠችው። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ ፀሐይ ገባች፣ ሰሌዳውም ደረቀ፣ ፊደሉ የለም።

ከዚያ በኋላ ጉም በመጣ ቁጥር ይወጣል። ያንኑ የመጨረሻውን ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። አንድ ጠዋት ከድር «ይሄማ ከመውሊድ በፊት የሠራነው ነው» አለኝ። ሌላ ጠዋት ደግሞ «ይሄን ሠርተነው አናውቅም» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። ዛሬ ሳስበው፣ ሳምንት በሳምንት የተደራረበው ጥቁር እርጥበት ሲያገኘው የታችኛውን ይተፋ ይሆናል፤ ያልሠራነውም ከእኛ በፊት ለነበሩ ልጆች የተሰጠ ይሆናል። ይሆናል እላለሁ እንጂ አላውቅም።

ሐያት የወጣውን ሁሉ ትሠራ ነበር። ሰኞ ስትመጣ ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች፤ ቲቸር ሰብለም በቀይ ያርሙላታል። አንድ ጊዜ ተሳስታ ኤክስ ቢያደርጉባት ደስ አላት። «አባቴም እንዲህ ነበር የሚያደርገው፣ ትልቅ ኤክስ» እያለች ላገኘችው ሁሉ ታሳይ ነበር።

እኔ ፈርቼ ሌሊት መጸዳጃ ቤት መሄድ ባቆምኩ ጊዜ፣ ልብስ ሰፊው አባቴ መርፌውን ከአፉ አውጥቶ አስቀመጠኝ። «ሙት አይጽፍም ነጅሚያ። አወል የጻፈው በሕይወት ሳለ ነው። ያልደረሰ መልእክት ነው በይው። ያነበበ ሰው አደራ፣ አማና ተሸክሟል፣ ለባለቤቱ ያደርሳል፤ ሌላ የሚያስፈራ ነገር የለውም» አለኝ። ያን ዕለት ተኛሁ። ሆኖም አማናው እኔን እንደማይመለከተኝ ነበር ያሰብኩት፤ እኔ መች አነብባለሁ?

ወሬው ከተማውን ሲያዳርስ ልጆቻቸውን ከትምህርት ያስቀሩ ወላጆች ነበሩ፣ ቁርኣን የተቀራበት ውሃ የክፍሉ ደፍ ላይ የረጩ እናትም ነበሩ። ዳይሬክተሩ የፋብሪካ ቀለም ገዝተው ሰሌዳው ዓርብ ከሰዓት እንዲቀባ አዘዙ። ሐያት «ያን ቀን» የምትለው የዚያች ዓርብ ጠዋት ነው እንግዲህ።

ጉሙ ደወሉ እየተሰማ ደዋዩ የማይታይበት ዓይነት ነበር። ሐያት የለችም፤ ሌሊቱን ትኩሳት ይዟት እናቷ አስቀርታታለች። ገብተን ተቀመጥን። ቀና ስል ነጭ አየሁ። እስከዚያ ቀን ያየሁት ጭስ ጥጉ ላይ ነበር፤ ያን ቀን ግን ከላይ እስከ ታች፣ መምህር አወል ጎንበስ ብለው ጽፈው የማያውቁበት ድረስ ነው። ፊት ያሉት ልጆች ጮክ ብለው አላነበቡም። አንዲት ልጅ ብቻ፣ ማን እንደነበረች ከኋላዋ ስላየኋት አላወቅኳትም፣ ቀስ ብላ «ለሐያት ነው» አለች። ከድር ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ እስከ ታች አነበበ። ተቀመጠ። ከቦርሳዬ ሙሉ ሙዝ አውጥቼ ሰጠሁት። መለሰልኝ። ከድር ሙዝ ሲመልስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ቲቸር ሰብለ ገቡ፣ አዩ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ከፈቱና እስኪደርቅ ድረስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆሙ። የገለበጠ ሰው አላየሁም። ከሰዓት በኋላ ቀለሙ ተቀባ፤ ከዚያ ወዲያ በጉምም በዝናብም ምንም አልወጣም።

ሰኞ ሐያት ተሽሏት መጣችና «ለኔ ነው አሉ፤ ምንድነው?» አለች። ሁላችንም ጠረጴዛችንን አየን። አንዱ ባለጌ «እናትሽን ይዘሽ ነይ ነው የሚለው» ቢላት በደብተሯ ጥፊ አቀመሰችው፤ ተሳቀ፣ ነገሩም በሳቅ ተሸፈነ። መጠየቅ አቆመች። ያቆመች መስሎን ከሃያ ዓመት በላይ ኖርን። እሷ እዚያው ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ቤት ሠራች፣ ወለደች፣ ልጆቿን አሳድጋ እዚያው ትምህርት ቤት አስገባች። ለካ በየዓመቱ ለልጆቿ ጉዳይ ስትሄድ፣ ጉም ባለበት ቀን እየመረጠች ያቺን ክፍል ታይ ኖሯል።

መልእክቷን በሰማሁ ማግስት ለከድር ደወልኩ። ከሰርቦና ከአካባቢው ቡና የሚጭን የኢሱዙ ሹፌር ሆኗል።

«ነጂ! ሙዝ ይዘሻል?» ብሎ ሳቀ። የደወልኩበትን ስነግረው ሳቁ ቆመ።

«ልጆች ነበርን፣ ማል ጎና፣ ምን ይደረጋል፤ ተይው» አለ።

«አንብበሃል ወይስ አላነበብክም?»

«አንብቤያለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትነግራትም?»

«የምፈራው ምን መሰለሽ፣ አይረጋም። መኪና ይዤ ጉም ውስጥ ስገባ ይመጣብኛል። አንድ ጊዜ ጥያቄ ነው፣ አንድ ጊዜ አይዞሽ ይላል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የኔን ስም አየዋለሁ። የቱን ልንገራት? ልዋሽባት?»

እኔም ተፈትኛለሁ። «ጎበዝ ልጄ» የሚል ነበር ብላት ማን ይመሰክርብኛል? ታለቅሳለች፣ ትመርቀኛለች፣ ሌሊቱን ተኝታ ታድራለች። ሦስት ጊዜ ልናገር ድምፅ ቅጂውን ተጭኜ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። በመጨረሻ ደውዬ እውነቱን ነገርኳት፤ ያየሁት ነጭ ብቻ ነው፣ ብዙ ነጭ። «ብዙ ነበር?» አለችኝ። ብዙ ነበር አልኳት። ያቺን እንኳ አታውቅም ነበር።

ሰሌዳው ተሰብሯል። መምህር አወልም አባቴም ሄደዋል፣ አላህ ይርሐማቸው፤ ቲቸር ሰብለ የት እንዳሉ የሚያውቅ አላገኘሁም። የቀረው እኛ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ነው፤ እሱም በየዓመቱ በራሱ ቀለም እየተቀባ ነው።

ስለዚህ በዚያ ዓመት አራተኛ ቢ ፊት ወንበር ላይ የነበራችሁ፣ የትም ብትሆኑ፣ ይህ ከደረሳችሁ አደራ። መጀመሪያ እርስ በርስ አትጠያየቁ። ያያችሁትን ለየብቻችሁ ለሐያት ላኩላት፤ አንድ ቃልም ቢሆን፣ አንድ ቁጥርም ቢሆን፣ የት ጋ እንደተጻፈም ብቻ ቢሆን። ያላነበባችሁ፣ አላነበብንም በሏት። ብቻ አዝናችሁላት የጎደለውን ከራሳችሁ እንዳትሞሉላት። አባቷ ለእሷ የሰጡት የቤት ሥራ ነው፤ እሷ ትሥራው።