ባሮ የጎደለ ጊዜ

አባቴ በወጣትነታቸው ጋምቤላ፣ ባሮ ወንዝ ዳር፣ ከካርቱም ለሚመጣ የእንፋሎት መርከብ የቡና ጆንያ ይጭኑ ነበር። እኔ ይህን የሰማሁት በኮሮናው ጊዜ ነው፤ እዚህ ላስ ቬጋስ፣ ሲልቬራዶ ራንች የሚባል ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ ሁላችንም ታመን በተዘጋብን ሰሞን።

ልጄ በኦንላይን ትምህርቷ ስለ ድሮ የወንዝ መርከቦች አደጋ ጻፊ ተብላለች። “አባባ፣ ያንተ መርከብ ኤክስፕሎድ አደረገ?” አለቻቸው። አባባ ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነባቸው።

“ፍንዳታስ አላየሁም። እኛን የሚያስፈራን የውሃው መጉደል ነበር።”

ባሮ መርከብ የሚችለው በክረምት ብቻ ነው አሉ። አንድ ሰው ከፊት ቆሞ ረጅም ዘንግ እየነከረ ጥልቀቱ ስንት እንደደረሰ ጮክ ብሎ ይናገራል። አንድ ዓመት ውሃው በየቀኑ ሲቀንስ እያየ፣ ካፒቴኑ “አንድ ጭነት ቀርቶናል፣ ነገ እንነሳለን” አለ። ሲነጋ መርከቡ አሸዋ ላይ ተቀምጧል። እስከሚቀጥለው ክረምት ንቅንቅ አላለም።

“ለምን ፑሽ አላደረጋችሁም?” አለች ልጄ።

“መርከብ ይገፋል እንዴ፣ የኔ ልጅ? ቆመን አየነው እንጂ!”

እኔ የኦክስጅን መለኪያውን ጣታቸው ላይ አድርጌ ነበር። ሰማንያ ዘጠኝ ይላል። ሐኪሙ በስልክ፣ ከዘጠና ከወረደ ሆስፒታል አምጣቸው ብሎኛል።

“አልሄድም” አሉ አባባ። “እንግሊዝኛ አላውቅ፤ አንተን አያስገቡህ። ከማን ጋር ላወራ ነው?” እውነታቸውን ነው። እኔም ሾርባቸውን ጠጥተዋል፣ ጨዋታቸውም ደህና ነው አልኩና “በቃ፣ ነገ እናየዋለን” አልኳቸው። ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ! ቁጥሩን በዓይኔ እያየሁ!

በማግስቱ ጠዋት ሰማንያ ሆነ። አምቡላንስ ጠራሁ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በመኪናዬ ተከተልኳቸው፤ በሩ ላይ ግን ከዚህ አታልፍም ተባልኩ። ፓርኪንጉ ውስጥ ጋቢያቸውን ታቅፌ ተቀመጥኩ። እጅ እግሬ ታሰረ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ነርስ በቪዲዮ አገናኘችን። ፊታቸውን የኦክስጅን ጭንብል ሸፍኖታል።

“ስንት ደረሰ?” አሉኝ።

እኔ ካለሁበት ቁጥሩ አይታየኝም። “እየጨመረ ነው አባባ፣ አይዞዎት” ብዬ ዋሸኋቸው።

“ትናንት መነሳት ነበረብን” አሉ።

ከዚያ በኋላ ድምፃቸውን አልሰማሁም።