ካርቶኑም አብሮኝ ታስሮ ነበር

ለትምህርት ቤት ልጃገረዶች በነጻ የተሰጠ ሞዴስ ለባለቤቶቹ ላደርስ ስል አሥራ አንድ ቀን ታሰርኩ። በደሉ ይሄ ነው። ማሳመሪያ የለውም።

ሥራዬ ባጃጅ መንዳት ነው፤ አዳማ። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ጸጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው። ያስተማረኝ የሰፈራችን የሴቶችና የልጃገረዶች ድጋፍ ኮሚሽን ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት። ክፍሉ ውስጥ ወንድ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ሲሳሳቱ ይሳሳቃሉ፤ እኔ ስሳሳት ግን ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ ነው ያስጠናኝ። በኋላ ኮሚሽኑ አንድ ወንድ አባል ይኑረው የሚል መመሪያ መጣ። ሌላ ወንድ ጠፋና እኔን አስገቡኝ።

በዚያ ዓመት አንድ በጎ አድራጊ ሞዴሱን በካርቶን በካርቶን ላከ። ካርቶኖቹ የቀበሌው ስብሰባ አዳራሽ መድረክ ላይ ተደረደሩ። አታከፋፍሉ ያለ የለም፤ ርክክብ ግን አልተደረገም። ርክክብ የሚደረገው ኃላፊ ባለበት ነው። ኃላፊው ይመጣል፣ ካርቶኖቹ ፊት ቆሞ ፎቶ ይነሳል፣ ዋናው ርክክብ አለቃዬ ሲመጣ ነው ብሎ ይሄዳል። የወባ ስብሰባ ሲሆን ካርቶኖቹ ላይ ባነር ይሰቀላል። የግብር ስብሰባ ሲሆን ድምፅ ማጉያ ይቀመጥባቸዋል። እንዲህ ሆኖ አምስት ወር።

በአምስቱም ወር ልጄ፣ ስምንተኛ ክፍል ናት፣ ሆዴን አመመኝ እያለች ሦስት አራት ቀን ቤት ትቀር ነበር። እሷም አትነግረኝም፤ እኔም አልጠይቃትም። ሁለታችንም ግን እናውቃለን።

አንድ ሐሙስ ኃላፊው ስለ ልጃገረዶች መብት ሲናገር ተነሳሁ። "የሚናገሩለት ነገር ከኋላዎ ተደርድሯል፤ ዞር ብለው ቢያዩት" አልኩ። ተሳቀ። ተጨበጨበም። ጥፋቱ ጭብጨባው ነው፤ በሳቅ ሰው አይታሰርም። መድረኩ ላይ ወጣሁ፤ አንዱን ካርቶን ተሸክሜ በሰው መሀል አልፌ ባጃጄ ላይ ጫንኩት። ትምህርት ቤቱ ሳልደርስ አደባባዩ ጋ ፖሊሶች ያዙኝ።

መርማሪው ቁጭ በል እንኳን አላለኝም።

"ማን ላከህ?"

"ማንም።"

"የየትኛው ድርጅት አባል ነህ?"

"የሴቶች።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ትቀልዳለህ?"

የኮሚሽኑን መታወቂያ ሰጠሁት። "ወንድ አባል" ይላል። አነበበው፤ ገልብጦ ጀርባውንም አየ።

"ሕዝብን ማነሳሳት፣ የመንግሥትን ሥራ ማደናቀፍ" ብሎ ጻፈና የጣት ቀለሙን ወደ እኔ ገፋው። አለባበሴን አይቶ መሆን አለበት። "እፈርማለሁ" አልኩ። ፊርማዬ ረጅም ነው፤ ሙሉ ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ነው የምጽፈው። ሰዓቱን ሁለቴ አየ። እኔም አልቸኮልኩም።

ካርቶኑን በፕላስተር አሸጉትና ፕላስተሩ ላይ ማኅተም መቱበት። ኤግዚቢት ክፍል ሊያስገቡት ሲሉ ግን ቦታ የለም፤ ክፍሉ በሽንኩርት ሞልቷል። ከመቂ የተጫነ ሽንኩርት ከነደላላው ተይዞ ነበር። ደላላው በኢኮኖሚ አሻጥር፣ ሽንኩርቱ በማስረጃነት። መርማሪው ጥቂት አሰበና ካርቶኑን አሸከመኝ።

"አብሮህ ይታሰር። ማሸጊያው ከተነካ ክሱ ወደ ስርቆት ይዞራል። ሳይነካ ችሎት ከቀረበ ግን…" አለና ትከሻውን ሰበቀ።

የነበረኝ ተስፋ ያቺ ትከሻ ናት።

የክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። ሰው ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ እግሩን ወደ መሀል ዘርግቷል፤ መርገጫ የለም። ቀጥሎ ያየሁት እንባ ነው። ሁሉም ዓይናቸው ቀልቶ ያለቅሳሉ። ደነገጥኩ። ኋላ ሳጣራ ሽንኩርቱ ነው፤ የኤግዚቢት ክፍሉ ከግድግዳው ወዲያ ነበር። ጠያቂ ዘመዶችም እኛን ሲያዩ ተደበደቡ ብለው አብረው ያለቅሱ ነበር። በአንድ ቀን ስንት ሰው በሽንኩርት እንዳለቀሰ እግዜር ይወቀው።

የክፍሉ ካቦ ራሱ የሽንኩርቱ ደላላ ነው። ማን የት እንደሚተኛ የሚወስነው እሱ ነው።

"ምን ይዘህ ነው የመጣኸው?"

"ሞዴስ።"

ከጎኑ የነበረ ሰውዬ እግሩን ሰበሰበ፤ እባብ ነው ያልኩት ይመስል። ታሪኩን ነገርኳቸው። ካቦው ራሱን ይዞ አዳመጠኝ።

"እይ እንግዲህ" አለ። "የኔ ሽንኩርት ለብቻው ክፍል ተሰጥቶታል። እኛ አሥራ ሰባት ነፍስ እዚህ ተደራርበናል። አሁን ደሞ ካርቶን መጣብን። በል አቶ ሞዴስ፣ ሕጉን ስማ። አዲስ ገቢ የሽንት ባልዲው ጋ ነው የሚተኛው።"

"እሺ።"

"ካርቶኑ ካንተ በኋላ ነው የገባው። ባልዲው ጋ የሚተኛው እሱ ነው።"

"እኔ ነኝ አስቀድሜ ያስገባሁት።"

ክርክር ተነሳ። ፌስቡክ ላይ በጻፈው ነገር የታሰረ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር፤ እሱ ተጠየቀ። "ካርቶኑ ታሳሪ ነው ከተባለ ተራውን ይጠብቅ፤ ዕቃ ነው ከተባለ ከባለቤቱ ጋር ይሁን" አለ። ታሳሪ ነው የሚለው በድምፅ አለፈ። ከሱ በኋላ የገባሁት እኔ ነኝና ባልዲው አጠገብ እኔ ተኛሁ፤ ካርቶኑን በወዲያኛው ጎኔ አደረግኩት። እኔ ብረጥብ እደርቃለሁ።

በአራተኛው ቀን ግን የክፍሉ ጠረጴዛ ሆኖ ነበር። ላዩ ላይ ዳማ ይጫወታሉ፤ እኔ ማኅተሙን በመዳፌ ሸፍኜ እቀመጣለሁ። መምህሩ "ጋሼ፣ ይጠብቁት። ያለዎት ምስክር እሱ ነው" ይለኝ ነበር።

ቅዳሜ የኮሚሽናችን ሰብሳቢ ፍርፍር ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች። ፊደል ያስቆጠረችኝም እሷ ናት። አጥሩ ጋ ቆማ በሹክሹክታ ታወራለች።

"ወንድሜ፣ ተሳስቼ ነው በልና ውጣ። ልጅህ ትጠብቅሃለች።"

"ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?"

"ምኑ ላይ እንደሆነማ አትንገራቸው። ተሳስቼ ነው ብቻ በል።"

አልልም አልኳት። ዓይኗን ጠራረገች። ሽንኩርቱ ይሁን እኔ አላውቅም።

በማግሥቱ እሁድ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ተረኛው ልጅ እግር ኮንስታብል ወደ ክፍላችን መጣ። ላብ በላብ ሆኗል። ጣቢያው ውስጥ ብቻውን ነው፤ በሩን ትቶ መሄድ አይችልም።

"ሶፍት ያለው ሰው አለ?"

"ለምንህ?" አለ ካቦው።

"ለኔ አይደለም።"

"ታዲያ ለማን?"

ኮፍያውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ። ከቢሮው አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል አንዲት ሴት ታስራ ነበር። ባቱ አካባቢ አበባ እርሻ የምትሠራ ናት፤ ሠራተኛውን ሰብስባ ስለ ሽንት ቤት ተናገረች ተብላ ነው የተያዘችው። ፊቷን አይተን አናውቅም።

"እሷ… ጠየቀችኝ" አለ ኮንስታብሉ። "ሴት ፖሊስ ነገ ነው የምትገባው።"

መጀመሪያ የገባው መምህሩ ነው። ወደ ካርቶኑ አየ። ቀጥሎ ካቦው አየ። ከዚያ አሥራ ሰባቱም።

ዳማው ቆመ።

"እንዳትነካው" አለ ካቦው። መጀመሪያ የተናገረው እሱ በመሆኑ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። "ስማኝ፣ አቶ ሞዴስ። ነገ ችሎት ነህ። አሥር ቀን በባልዲ ጠረን የተኛኸው ለዚህ ነው? ጥግ ያሉት ሽማግሌ ሸሚዛቸውን ይቅደዱላት።"

"ሸሚዜ ቆሻሻ ነው" አሉ ሽማግሌው ከጥግ።

እኔ ስለ ልጄ አሰብኩ። ሆዴን አመመኝ ስትል ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ይቺም ሴት አሁን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። በመሀላችን ያለው ያ ማኅተም ነው።

"እስክሪብቶህን አውሰኝ" አልኩት ኮንስታብሉን።

"ክልክል ነው።"

"ያንተም ጥያቄ እኮ ክልክል ነው።"

ሰጠኝ። ፕላስተሩን በጥርሴ ቀደድኩት። አንድ እሽግ አወጣሁና ሰጠሁት። ይዞት የሚሄድበት መላ ጠፋው፤ ኪሱ አልገባ አለው፤ በመጨረሻ ኮፍያው ውስጥ ከትቶ ታቦት እንደያዘ ሰው በሁለት እጁ ተሸክሞት ሄደ። ክፍሉ ውስጥ የሳቀ የለም።

እኔ ካርቶኑ ላይ ጻፍኩ። ጊዜ ወሰደብኝ፤ መሬት ላይ ተንበርክኬ ነው። "ይህን ካርቶን የከፈትኩት እኔ ነኝ። አንድ እሽግ ለታሰረች እህት ሰጥቻለሁ። ማንም አልላከኝም።" ከሥሩ ሙሉ ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ጻፍኩ። መምህሩ ከጀርባዬ ያነብ ነበር፤ ያርመኛል ብዬ ጠበቅኩ። ምንም አላረመም።

ትንሽ ቆይቶ ከወዲያ በኩል የሴት ድምፅ መጣ።

"ኦቦ! ገለቶማ!"

"ምን አለች?" አሉ ሽማግሌው።

"አመሰግናለሁ ነው ያለችው" አለ ካቦው። ከዚያ ብርድ ልብሱን አንስቶ ራሱ ባልዲው ጋ ሄዶ ተኛ። "ውጣ ከዚህ፣ ነገ ችሎት ነህ፤ ሸተህ ልትቀርብ ነው?" አለኝ።

ሰኞ ካርቶኑ ዳኛዋ ፊት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ዐቃቤ ሕጉ ደስ ብሎታል። "ማሸጊያው ተሰብሯል፤ ክሱ ወደ ስርቆት ይሻሻልልን" አለ። ዳኛዋ ካርቶኑን አዙራ አየችው።

"ይሄን የጻፈልህ ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"አንብበው እስቲ።"

አነበብኩ። በጣቴ እየተከተልኩ፣ እስከ አያቴ ስም ድረስ።

ይሄኔ ሰብሳቢያችን ከኋላ እጇን አወጣች። የኃላፊው ጽሕፈት ቤት ወደ በላይ አካል የላከውን ሪፖርት ይዛለች፤ ማኅተም ያለው፣ ፎቶ የተያያዘበት። ሞዴሱ ሁሉ ለልጃገረዶች ሙሉ በሙሉ ተከፋፍሏል ይላል። ፎቶው ላይ ኃላፊው ካርቶኖቹ ፊት ቆሞ ፈገግ ብሏል።

ዳኛዋ ሪፖርቱን አነበበች፤ ካርቶኑን አየች። "ተከፋፍሎ ያለቀ ዕቃ እንዴት ተሰረቀ?" አለች።

ዐቃቤ ሕጉ ክሱንና ሪፖርቱን ጎን ለጎን አስቀመጠ። ተከፋፍሏል እንዳይል ካርቶኑ ፊቱ ተገትሯል። አልተከፋፈለም እንዳይል ሪፖርቱ ማኅተም አለው። ክሱን አነሳለሁ አለ።

ደጅ ላይ ሰብሳቢዋን "አውቀሽ ነው ያመጣሽው?" አልኳት።

"እኔ ያለውን ሰነድ ነው ያቀረብኩት" አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አሰረች። ጫማዋ ማሰሪያ አልነበረውም።

ይቅርታ የጠየቀኝ የለም፤ እስከ ዛሬም የለም። ኃላፊው ተዛወረ እንጂ አልተጠየቀም። ባጃጄ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ፀሐይ በልቷት ነው የተመለሰችልኝ። ይሄን የምጽፈው ስላልረሳሁት ነው። ኮሚሽኑ ውስጥ አሁንም ወንዱ አባል እኔ ነኝ፤ ምትክ አላገኙም። የባቱዋን ሴት አላውቃትም። ወደ ባቱ በሄድኩ ቁጥር ግን ከአበባ እርሻው የሚወጡትን ሴቶች ድምፅ ቆም ብዬ እሰማለሁ።

ከተፈታሁ በኋላ ካርቶኑን ከሰብሳቢዋ ጋር ስንወስድለት የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር መጀመሪያ ያለ ርክክብ አልቀበልም አለን። እኔና ሰብሳቢዋ ተያየን። በወረቀት የተከፋፈለን ዕቃ የት ወሰድከው የሚል ሰው፣ አልተከፋፈለም ነበር ማለት ሊኖርበት ነው። እንዲህ የሚል እንደማይገኝ ስንነግረው ገባው። አዳራሹ ውስጥ የቀሩትን በሙሉ በጠራራ ፀሐይ በባጃጅ አመላለስናቸው፤ ጥበቃው ራሱ እያሸከመን። የኔ ካርቶን ዛሬ የጠመኔ ማስቀመጫ ነው፤ ጽሑፌ አልጠፋም። ልጄ በዚያ ወር አንድም ቀን አልቀረችም። የመጨረሻው ካርቶን ትምህርት ቤት የገባው ግንቦት 19 ቀን፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው።