የእሜቴ ታንጉት ቤት ሲፈርስ

እሜቴ ታንጉት ገራም ነበሩ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ አላወቃቸውም። ቁጡ ነበሩ። በቡሬና በሽንዲ መካከል ያለችውን መንደራችንን ጣሊያን በ፲፱፻፴ ዓ.ም. በጋ ሲያነዳት፣ ነፋሱ ድንገት ዞሮ የእርሳቸው ቤት ብቻ ተረፈ። ለሠርጋቸው የተሠራ ትልቅ ቤት ነው። ባላቸው ሞተዋል፤ ብቻቸውን ነበር የሚኖሩበት። ቤት ያጣው ሁሉ እዚያ ገባ። ማንንም አልመለሱም፤ ግን ሁሉንም ያስገቡት እየተሳደቡ ነው።

ከገቡት አንዷ እናቴ ሸጋዬ ናት። አባቴ አርበኞችን ተከትሎ ጫካ ገብቷል፤ እኔ በሆዷ ነበርሁ። የአንዱ ክርን የሌላው ጎን ላይ ያድራል፤ አንዱ ሲያስል የሌላው ልጅ ያለቅሳል። እሜቴ ታንጉት ከመደባቸው ተነሥተው ደጅ ለመውጣት የሰው እግር ይረግጣሉ። «ይኸ ቤት ነው ወይስ የጅጋ ገበያ?» ይሉ ነበር። እናቴን ግን የሚያስጨንቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቀኗ እየደረሰ ነው፤ ክረምቱም እየደረሰ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል የት ትውለድ?

ቤት ያልተሠራው ቤት ሠሪው እምቢ ስላሉ ነው። አያ እጅጉ ይባላሉ። መንደሩ ሲነድ፣ በእጃቸው ያቆሟቸው ቤቶች አመድ ሲሆኑ ከኮረብታ ላይ ሆነው አይተዋል። ከዚያ ወዲያ መጥረቢያቸውን ሰቅለው «ለጠላት ማገዶ አልሠራም» አሉ። ቄሱ ለመኗቸው፤ ሽማግሌ ተላከባቸው፤ ወይ ፍንክች! እርሳቸው ካልመሩት ደግሞ ደቦ የሚወጣ የለም። እንጨት እንዳይቆረጥም ጫካው አፍ ላይ የጠላት ወታደር ሰፍሯል።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ጠዋት እሜቴ ታንጉት መሰላል አስደግፈው ጣሪያቸው ላይ ወጡ። መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው የክዳኑን ሰንበሌጥ ከግርጌው እየነጩ ይወረውሩት ጀመር። ሰው ግር ብሎ ወጣ።

«እሜቴ፣ ምን ነካዎ?» አለች እናቴ።

«ሰለቸኝ! እንጨት የለም ትላላችሁ፤ ይኸው እንጨት! አፍርሳችሁ ለየራሳችሁ ጎጆ ሥሩበት። ብቻ ከጎኔ ውጡልኝ!»

ይኸን እያሉ አንዱን የጣሪያ ወጋግራ ያዝ አድርገው ሲጎትቱት ሲጢጥ አለ። ያን ጊዜ አያ እጅጉ ሰዉን እየገፉ መጡ። ያን ቤት የሠሩት በጉልምስናቸው እርሳቸው ናቸው።

«ታንጉት! ውረጂ! ክዳን ከግርጌ ይነሣል እንዴ? ከጉልላቱ ነው የሚጀመር!»

«እኔ ምን አውቄ? የሚያውቁት አንቱ፣ አልሠራም ብለው የለ!»

«አልሠራም አልሁ እንጂ ይበላሽ አልሁ? ያ ወጋግራ ከተሰበረ በምን ልትከድኚ ነው? ውረጂ ብያለሁ!»

እሜቴ ታንጉት ወረዱ፤ አያ እጅጉ ወጡ።

እናቴ እዚህ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ትስቃለች። በቄስ ልመና ያልተነሣው ሰው፣ ሥራ ሲበላሽ ማየት አልችል ብሎ ተነሣ። ምሳ ሳይደርስ ወጋግራው በአንድ በኩል፣ ማገሩ በሌላ በኩል ተደርድሮ፣ አያ እጅጉ «ያን ወዲህ! ይኸን ወዲያ!» እያሉ ይጮሁ ነበር። የቀሩት ወንዶች ጉድጓድ ቆፈሩ፤ ሴቶቹ ጭቃ ረገጡ። የጎደለውን እንጨት ከአጥርና ከበረት አሟሉ። መጀመሪያ የቆመችው የእናቴ ጎጆ ናት። ሰዉ «ቤት ለእንቦሳ» እያለ ገባ፤ እናቴም «እንቦሳ እሰሩ» እያለች ተቀበለች። ከብቱን ሁሉ ጠላት በልቶት፣ ሊታሰር ቀርቶ ሊታይ የሚችል እንቦሳ በመንደሩ አልነበረም። ቢሆንም ተባለ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲወርድ እናቴ በዚያች ጎጆ ወለደችኝ። ለእሜቴ ታንጉት በስተመጨረሻ፣ ከሁሉም ያነሰችው ደረሰቻቸው።

ኅዳር ላይ ጠላት ተመልሶ መጣ። ሰው ወደ ገደሉ ሸሽቶ ሲመለስ ከጎጆዎቹ ግማሾቹ ነደዋል፤ የእሜቴ ታንጉትም ነዳለች። እሜቴ ታንጉት አልተሳደቡም፤ አመዱ አጠገብ ቁጭ አሉ። እናቴ ከእሳቱ ይልቅ ያ ዝምታ አስፈራኝ ትላለች። ሰዉ ግን የሚያየው አያ እጅጉን ነበር። እኒህ ሰው ዳግመኛ መጥረቢያቸውን ከሰቀሉ መንደሩ መበተኑ ነው።

አያ እጅጉ ወደ አመዱ ገቡ። ወድቆ የሚጨሰውን ምሰሶ አገላበጡት። ቢላዋ አውጥተው ፋቅ ፋቅ ሲያደርጉት ከጥቁሩ ሥር ነጩ እንጨት ብቅ አለ።

«ውስጡ ደኅና ነው» አሉ። «ደግሞ እግሩ የከሰለ እንጨት ምስጥ አይደፍረውም። እኔ ድሮም ልተክል ስል እሳት አስነካው ነበር፤ ዛሬ እነሱ ደከሙልኝ።»

ሰዉ ሳቀ። አያ እጅጉ ወደ እሜቴ ታንጉት ዞሩ።

«ታንጉት፣ ተነሺ። በርሽ ወዴት ይዙር?»

እሜቴ ታንጉት ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ወደ ፀሐይ መውጫ! ባለፈውም ብዬ ነበር፤ መቼ ሰሙኝ!»