የማያምም ጠብታ

ባለፈው ሳምንት ወጥ ቤት ቆሜ ሽንኩርት ስከትፍ መብራት ጠፋና የማቀዝቀዣው ድምፅ ድንገት ተቋረጠ። ቢላዋውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ትንሿ ልጄ ቀሚሴን እየሳበች፣ "እማዬ፣ ምን ሆንሽ?" አለችኝ። እኔ ግን በሐሳቤ ከዓመታት በፊት ደብረ ታቦር ነበርኩ።

ያን ጊዜ ገና ከትምህርት መውጣቴ ነበር። ሥራ ያገኘሁት በአንድ የዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ሦስት የትምህርት ክፍሎች በጋራ በሚጠቀሙበት ቤተ ሙከራ ነው። ተማሪዎች እዚያ እየመጡ፣ ከብርጭቆ ስባሪ በሳሳ የሲሊከን ዝርግ ላይ፣ የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ትንንሽ ቁራጮች ይሠሩ ነበር። የዕለት ተዕለቱ ጣጣ የእኔ ነበር። ጠዋት የምከፍተው እኔ፣ ተራ የማወጣው እኔ፣ የጋዙን ሲሊንደር የማየው እኔ፣ ከነጫማው ሊገባ የሚሞክረውን መምህር ከበር የምመልሰው እኔ። ከጉና ተራራ የሚነሳው ንፋስ በመስኮቱ ስንጥቅ አቧራ ይዞ ስለሚገባ፣ በእርጥብ ጨርቅ ስጠርግ እውል ነበር። ክፍሉ አልኮልና አዲስ ላስቲክ ይሸት ነበር። ለሥራው ሲባል መብራቱ ቢጫ ነበር፤ ሁላችንንም የታመምን ያስመስለናል።

ከሁሉ የምፈራው ጥግ ላይ የነበረውን አሲድ ነው። መስታወት ስለሚበላ በፕላስቲክ ዕቃ ነበር የሚቀመጠው። ላየው ሰው ውኃ ነው። ተበርዞ ሲነካ ደግሞ አያቃጥልም። ዝም ብሎ ቆዳውን አልፎ ይሰርጋል፤ ሰዓታት ቆይቶ ወደ አጥንት ሲጠጋ ነው መኖሩ የሚታወቀው። ለአዲስ ተማሪ ሁሉ፣ "አመመኝ ስትሉኝ ዘግይታችኋል" እል ነበር። በላዩ እንፋሎቱን ወደ ውጭ የሚስብ ትልቅ ማራገቢያ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል። ሕጋችን አንድ ነበር፤ ማራገቢያው ከቆመ ሁሉም የያዘውን ትቶ ይወጣል።

ሕጉን ያወጡት ኃላፊዬ የነበሩት መምህር፣ ዶክተሩ፣ ነበሩ። ቤተ ሙከራውን ከባዶ ክፍል አንስተው ያቋቋሙት፣ እኔንም ሥራ ያስለመዱኝ እሳቸው ናቸው። ጸጉራቸው ሸብቷል፤ ሲሠሩ ለራሳቸው ቅዳሴ ያንጎራጉራሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ተማሪዎቻቸው ለምረቃ የሚያቀርቡትን ሥራ አሲዱ ውስጥ እንደነከሩ መብራት ጠፋ። ማራገቢያው እያቃሰተ ቆመ፤ ተማሪዎቹ ወጡ፣ ዶክተሩ ግን አልወጡም። እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም፤ ከጣሪያው በላይ ንፋሱ ብቻ ያፏጫል።

"ዶክተር፣ ይውጡ!" አልኩ።

"የልጆቹ የዓመት ልፋት ነው እኮ። ከቆየ አሲዱ ይበላዋል። አንች በሩን ክፈችና ውጭ ሁኝ።"

በሩን በርግጄ ቆምኩ። ጀርባቸው ብቻ ይታየኝ ነበር። ዝርጎቹን አንድ በአንድ አውጥተው በውኃ ሲያለቀልቁ፣ ማንጎራጎራቸው እንኳ አልተቋረጠም። ከዚያ ወጥተው ጓንታቸውን አወለቁና እጃቸውን ታጥበው ዘረጉልኝ። ገለባበጥኩት። ምንም የለበትም።

"አየሽ? ደህና ነኝ" ብለው ሳቁ። እናታቸውን ወንዛዬ ፍል ውኃ ሊወስዱ ቀጠሮ ነበራቸውና ቸኩለው ሄዱ።

ቀትር ላይ መብራት ሲመጣ ማራገቢያው ተነሳ፤ እኔም ወደ ውስጥ ተመለስኩ። ሌላ ጓንት አጠለቅኩና የእሳቸውን አንስቼ ቀዳዳ እንዳለው ለማየት ውኃ ሞላሁበት። ከቀኝ እጁ፣ ከሌባ ጣቱ ጫፍ፣ እንደ ክር የቀጠነ ውኃ ፈሰሰ።

ስልካቸውን መታሁ። ማግኘት አይቻልም አለችኝ የተቀዳችው ሴት። ደጋግሜ ብመታም ያው ናት። ለዚያ አሲድ ማርከሻ የምናስቀምጠውን ቅባት ከማቀዝቀዣ አውጥቼ፣ ነጩን ጋወን እንኳ ሳላወልቅ መናኸሪያ ሮጥኩ።

ያን መንገድ መቼም አልረሳውም። ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ይሳሳቃል፤ አንዲት ሴት እግር ሥር የታሰረች ዶሮ ትንፈራገጣለች። ከወረታ በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፤ የፎገራ ሜዳ እንደ እርሳስ ግራጫ ሆነ። እኔ የማስበው ያንን ጣት ነበር። አሁን የት ደርሷል? ሥጋው ላይ ነው? አጥንቱ ላይ? ሐሙሲት ወርጄ ባጃጅ ያዝኩ። ሾፌሩ ጋወኔን አይቶ፣ "የታመመ አለ እንዴ፣ እህቴ?" አለኝ።

"አላውቅም፣ ብቻ ቶሎ ንዳው" አልኩት።

ወንዛዬ ስደርስ እናታቸው ታጥበው ወጥተው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ወንዶቹ የሚታጠቡበት በኩል መግባት አልችልም።

"እማማ፣ ልጅዎ የት ናቸው?"

"እዚያው ውኃው ውስጥ ነው፣ ልጄ። ጣቴን ቁርጥማት ያዘኝ ብሎ፣ ፍሉ ያሽረኛል ብሎ ቁጭ ብሏል። ምነው፣ ምን መጣ?"

ጮህኩ። ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ በስማቸው ጠራኋቸው። እርጥብ ልብሳቸውን ጎትተው ሲወጡ ፊታቸው ዐመድ መስሎ ነበር። እጄ ላይ ያለውን ቅባት አዩ፤ የሆነው ሁሉ ገባቸው። ጣቱ ጫፉ ነጥቶ፣ ጥፍሩ ሥር ጠቁሯል።

"ለእናቴ እንዳትነግሪያት" አሉኝ በሹክሹክታ።

ባሕር ዳር ሆስፒታል እስክንደርስ በኮንትራት በያዝነው መኪና የኋላ ወንበር ጣቱን በቅባት ሳሽ ነበር። እሳቸው ጥርሳቸውን ነክሰዋል። እናታቸው ከፊት ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ፤ የነገራቸው ባይኖርም ያወቁ ይመስለኛል።

ሕይወታቸው ተረፈ። ጣቱ ግን ከመገጣጠሚያው ተቆረጠ፤ የቀሩትም እንደ ቀድሞው አልታዘዝ አሏቸው። ልጆቹ ዶክተሩ ባዳኑላቸው ሥራ ተመረቁ። ሁሉም ሊስሟቸው ሲመጡ ግራ እጃቸውን ነበር የሚሰጧቸው።

ሲሻላቸው ወደ ሥራ ተመለሱ። ወረንጦ መያዝ ስለማይችሉ፣ አጠገቤ ቆመው፣ "ወደ ግራ፣ ቀስ፣ አሁን አንሽው" እያሉ በእኔ እጅ ይሠሩ ነበር። ሁለታችንም ለመድነው ብዬ አስብ ነበር። አንድ ቀን አንድ አዲስ ተማሪ ዝርጉን አንሸራትቶ ሊጥለው ሲል፣ ዶክተሩ ሳያስቡት ቀኝ እጃቸውን ሰደዱ። ያቺ ስስ ነገር በጎደለው ጣት በኩል ሾልካ ወለሉ ላይ ደቀቀች። ተማሪው ደንግጦ ይቅርታ ይለምናል።

"የእኔ ጥፋት ነው፣ ልጄ" አሉት።

ጎንበስ ብለው ስባሪውን በግራ እጃቸው ሊለቅሙ ሞከሩ። እኔም አጠገባቸው ተንበረከክኩ። ማንጎራጎር ከተዉ ቆይተው እንደነበር ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው።