ቀይ የተቀባው ፕሮፔለር

ስለ ደርግ ዘመን የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ ከጥይት ይጀምራል። እኔ ከቀለም እጀምራለሁ። የአብዮት በዓል በቀረበ ቁጥር ሚዛን ተፈሪ ላይ የማይቀባ ነገር አልነበረም፤ የመንገድ ዳር ድንጋይ፣ የዛፍ ግንድ፣ የቢሮ አጥር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የጤና ጣቢያው የውሃ በርሜል፣ ያውም ከውስጥም ከውጭም። ውሃው ለወራት ቀለም ቀለም ይል ነበር። ዛሬ «ያኔ ቢያንስ ሥርዓት ነበር» የሚሉኝ እኩዮች አሉኝ። ሥርዓት የሚሉት ያንን በርሜል ከሆነ አልከራከርም።

የዚያን ጊዜ የአውሮፕላን መካኒክ ነበርኩ። መሥሪያ ቤታችን ከማረፊያው ሜዳ ዳር፣ በቆርቆሮ መጠለያ ሥር፣ አንዲት ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ነበረችው። ክረምት ገብቶ መንገዱ ጭቃ ሲሆን ወደ ማጂ፣ ወደ ቴፒና ወደ ማሻ መድኃኒት የምታደርስ፣ በሽተኛ የምታወጣ፣ ባለሥልጣን የምታመላልስ እሷ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ከነዳጁ በጠርሙስ ቀድቼ ውሃ እንዳልገባበት አያለሁ፤ እዚያ አገር ዝናብ የማይገባበት ነገር የለም። ዘይቱን እለካለሁ፤ ተራው ከደረሰ የሞተሩን ካንዴላ ፈትቼ አጸዳለሁ። ከዚያ የፕሮፔለሩን ሁለት ክንዶች ጠርዝ ከሥር እስከ ጫፍ በጥፍሬ እዳብሳለሁ። ሜዳችን ጠጠር ነበር፤ ፕሮፔለሩ ጠጠሩን ይስባል፣ ጠጠሩ ጠርዙን ይሸርፋል። የተሸረፈውን በሞረድ ካላለሰለሱት ከዚያው ስንጥቅ ይነሳል፣ ስንጥቁ ያድጋል፣ አንድ ቀን የክንዱ ጫፍ አየር ላይ ተቆርጦ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ አብራሪው የሚያደርገው ብዙ ነገር የለም።

በበዓሉ ሰሞን አንድ ማለዳ መጠለያው ስደርስ ፕሮፔለሩ ቀይ ሆኖ ጠበቀኝ። ለበርና ለመስኮት የሚሆን ወፍራም የዘይት ቀለም። በአንዱ ክንድ ላይ በነጭ «እናት አገር» ተብሎ ተጽፏል፤ በሌላው ላይ «ወይም ሞት»። ምርጫው እንዲህ ፊት ለፊት ቀርቦልኝ አያውቅም።

በዚያው ማለዳ ከማጂ የሬዲዮ መልእክት መጥቶ ነበር። የአንድ አስተማሪ ሚስት ምጥ ጠንቶባታል፤ ጽንሱ ተጋድሟል፤ ጅማ ሆስፒታል ካልደረሰች ሁለቱም አይተርፉም። አብራሪያችን፣ ቃል የሚቆጥብ የጎንደር ሰው፣ ካርታውን ይዞ መጣ። የማጂን ተራራ በክረምት ረፋዱ ላይ ደመና ይጭነዋል፤ መግባት የሚቻለው ከዚያ በፊት ነው።

«ትበራለች?» አለኝ።

«ጠርዙን ሳላይ አላውቅም።»

ቀለም ቀቢው ጥግ ላይ ብሩሾቹን እያጠበ ነበር። ከጉራጌ አገር የመጣ፣ የከተማውን ግማሽ ሱቅ የቀባ፣ በሥራው የሚኮራ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ እንዴት አገኙት?» አለኝ። «ጫፉ ላይ ተበልቶ ነበር። ስቱኮ ሞልቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ ነው የቀባሁት። እንደ ሌሎቹ ቀዳዳ ላይ የምቀባ ሰው አይደለሁም።»

«የምን ስቱኮ?» አለ አብራሪው።

«የግድግዳ ነዋ። ዳብሰው ይዩት፣ አይታወቅም።»

አብራሪው ካርታውን አጠፈ።

አኳራጅና ጨርቅ ይዤ ቀለሙን ማስለቀቅ ልጀምር ስል የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ደረሰ። ፕሮፔለሩ እንዲቀባ ያዘዘው እሱ ነበር።

«ጓድ መካኒክ፣ መፈክር ልትፍቅ ነው?»

«ቀለም ነው የማነሳው። መፈክሩ ከቀለሙ ላይ ነው ያለው፣ አብሮ ይነሳል።»

«ማን ወስኖ?»

«ጠጠሩ።»

ቀልዱን አልወደደውም። ስለ ሴትየዋ ነገርኩት። «የሰፊው ሕዝብ ልጅ ናት፣ ስለዚህ አሁኑኑ ይበረር» አለ፤ «ቀለም ሞተር አያቆምም።» ስለ ስቱኮው ነገርኩት። መፈክር የሚነሳው በኮሚቴ ውሳኔ ብቻ ነው አለና አንድ አብዮት ጠባቂ ከነጠመንጃው ፕሮፔለሩ ፊት አቆመ። ቀለም ቀቢው «ጓድ፣ ከሰዓት መልሼ እቀባዋለሁ፣ ቀለም ተርፎኛል» ብሎ ለመነው። አልሰማውም።

«ይኼን የምጠብቀው ከማን ነው?» አለ ጠባቂው።

«ከመካኒኩ» አለው ካድሬው፣ ሄደም።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር የመንግሥት ቡና እርሻ ጉብኝት ላይ ነበሩ። እስኪፈለጉ፣ እስኪመጡ፣ እስኪሰበሰቡ ያ ጥሩ ማለዳ አለቀ። የወሰኑት ቀለሙ እንዲነሳ፣ ፊደሎቹ ግን እንዳይነኩ ነው። ይህን የወሰኑት ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ሰዎች ናቸው፤ ዛሬም ድረስ የሚያናድደኝ እሱ ነው። ሁሉንም ፋቅኩት። ከስቱኮው ሥር የተሸረፈው ቦታ ጥፍሬን ያስገባ ነበር። በአጉሊ መነጽር አየሁት፤ ስንጥቅ ገና አልጀመረም። በሞረድ አለሰለስኩት፣ ሞተሩን አስነስቼ አዳመጥኩ፣ አብራሪው ተነሳ።

ማጂ ሲደርስ ተራራው በደመና ተዘግቶ ነበር። ነዳጁ እስከፈቀደለት ዞሮ ተመለሰ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ገብቶ አወጣት። ሴትየዋ ተረፈች። ሕፃኑ ግን ሞቶ ነበር፤ የማጂዋ አዋላጅ እስከ ቀደመው ቀን ማታ ልቡ ሲመታ ትሰማ እንደነበር ለአብራሪው ነግራዋለች።

እኔ ለሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራሁ። የመፈክር ፊደል ስለማጥፋት፣ ስለ ንዑስ ከበርቴ ግትርነት፣ አውሮፕላን ክንፍ ሥር ተቀምጬ ስለማነባቸው የውጭ መጻሕፍት ሳይቀር ብዙ ተባለ። በመጨረሻ «ሕፃኑስ?» አልኩ።

«አጀንዳ ውስጥ የለም» አሉ ሊቀ መንበሩ።

በዓሉ አለፈ። ካድሬው ለስብሰባ ወደ ቴፒ መብረር ነበረበት። ካኪውን አስተኩሶ በማለዳ መጣ፣ አውሮፕላኗ ፊት ቆመ፣ እኔ ሳደርግ እንዳየው የፕሮፔለሩን ጠርዝ ከሥር እስከ ጫፍ በጥፍሩ ዳበሰ። ሁለቱንም ክንድ።

«ጓድ፣ ስቱኮ የቀረበት የለም አይደል?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጠዋት አይቼው ነበር፤ ምንም አልነበረበትም።

«ኮሚቴው ቢወስን ይሻላል» አልኩት።

እጁን ከፕሮፔለሩ አነሳ። ከዚያ ሾፌር አስጠርቶ በዚያ ጭቃ ቴፒ በመኪና ሄደ። እሱን የሚያስቸኩለው ነገር አልነበረም።